በላ ልበልሃ ያስረታው መሬት

አቶ ኃይለ ገብርኤል ያንኮበር ሰው ሁሉ ለሙግት የሚጠራቸው አንደበተ ርቱዕ ነበሩ። ያን ዕለት ግን ደብረ ብርሃን ከፍርድ ቤቱ በር ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ልጃቸው ወለተሐና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከኋላ ትከተላቸዋለች። የሟች ባሏ ወንድም መሬቷን ነጥቆ፣ ይኸው ዛሬ ተፈረደለት።

የጎረቤታቸው ልጅ መምህር ዘርአ ዳዊት በዚያ ሲያልፍ አያቸውና እጅ ነሥቶ፣ «ምነው አባባ፣ ደኅና አይደሉም?» አለ።

«ምን ደኅንነት አለ ልጄ! እንደ ጥንቱ የሙግት ደንብ ኩታዬን አጣፍቼ፣ ‹በላ ልበልሃ! የእውነት እናቷ ሰማይ፣ አባቷ ምድር፤ ሐሰት ይንገዳገድ፣ እውነት ይመስከር› ብዬ ስነሣ፣ ያ ልጅ እግር ዳኛ ‹ግጥሙ ይቆየንና፣ መሬቱን ማን ያርስ ነበር?› ብሎኝ ቁጭ! እኔም ንግግሬን ማን ይቆርጠዋል ብዬ ቀጠልኩ። ደጋግሞ ጠየቀና ‹መልስ የላቸውም› ብሎ ፈረደ። ዘመኑ ጠፋ!»

«ዘመኑስ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም፣ አባባ። ኑሮ ሲለወጥ ቋንቋም አብሮ ይለወጣል። ቻይናዎች እንኳ ጥንት ሊቃውንት ብቻ በሚያውቁት ቋንቋ ይጽፉ ነበር። ተማሪ ቤቱና ጋዜጣው ሲበዛ ሕዝቡ እንደሚናገረው መጻፍ ጀመሩ፤ አዲስ ቃል ጨመሩ፣ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ ሳይቀር ለወጡ።»

«ቻይና ደግሞ በኔ ሙግት ምን ጥልቅ አደረጋት!»

«እሺ፣ እሷን እንተዋት» አለና ወደ ወለተሐና ዞረ። «እታለም፣ መሬቱን ማን ያርስ ነበር?»

«ባሌ ነዋ። ካባቱ ደርሶት እስኪሞት አርሶታል። ከወንድሙ ጋር ሲካፈሉ ያካፈላቸው አጥቢያ ዳኛ ዛሬም በሕይወት አለ» አለች፣ አንገቷን እንደ ደፋች።

ሽማግሌው ክው አሉ። ዳኛው የፈለገው ይህንኑ ነበራ!

«ታዲያ ጠዋት ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እየተናገሩ እኔ ምን አፍ አለኝ፣ አባባ?»

ወይ አበሳ! ስንቱን ባላጋራ የረቱ ሰው በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ ወደ መምህሩ ዞረው። «የኔን ቋንቋ አዋቂ ብቻ ነው የሚችለው፤ አፍ የሌለው ዕድሜውን ሰው ሲለማመጥ ይኖራል። በተራው ንግግር ግን መበለቲቱም ራሷ ትከራከራለች፤ ባላጋራዋም በቃል ጋጋታ አያደናግራትም። ገባኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ።»

«ይግባኝ አለ እኮ። እዚያ እሷ ትናገር።»

«ትናገር።»

ይግባኙ እስኪሰማ ግን ክረምቱ ይገባል፤ ያ ሰውዬም በሬዎቹን መሬቷ ላይ ይጠምዳል። ይህን ሦስቱም ያውቁታል። የአንኮበርን መንገድ ሲይዙ፣ ዘወትር ከፊት የሚሄዱት አባት ዳር ይዘው ቆሙ።

«እኔ ነኝ ያስረታሁሽ። ቅደሚ፣ ልጄ» አሏት።