የኤኔያስን ሥዕል የሣሉት ማስትሮ ጋስፓሬ

ማስትሮ ጋስፓሬ ቬንቱሮሊ ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከማስትሮ ኒኮላ፣ ከእናታቸውም ከዶና ቬሮኒካ በሮማ ከተማ፣ በትራስቴቬሬ ሰፈር፣ በ1771 ዓመተ ምሕረት ተወለዱ። ፊደል ሳይለዩ በአባታቸው እብነ በረድ ላይ በከሰል ፈረስ እየሣሉ፣ ለዚሁም ኩርኩም እየቀመሱ አደጉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከታናሽ ወንድማቸው ከታዴዎ ጋር ሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው፣ የጥንት ሐውልቶችን እያዩ በብዕርና በጥቁር ቀለም ብቻ መሣልን ተማሩ። አባታቸው ግን ሁለት ሠዓሊ መቀለብ ስላቃታቸው፣ በዓመቱ ፈተና ሜዳሊያ ያላገኘው ወደ ድንጋዩ እንደሚመለስ ቁርጡን ነገሯቸው።

በፈተናው ዕለት ተማሪዎቹ እንደ ደንቡ በር ተቆልፎባቸው፣ በዕጣ የወጣውን ታሪክ፣ ትሮይ ስትቃጠል ኤኔያስ ሽማግሌ አባቱን ተሸክሞ ሲወጣ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲሥሉ ታዘዙ። ማስትሮ ጋስፓሬ ጨርሰው ብዕራቸውን ሲጠርጉ ታዴዎ በክርኑ ቀለሙን በገዛ ሥዕሉ ላይ ደፋው። ልጁ ክው ብሎ ሲቀር፣ እሳቸው ያልተበላሸውን የራሳቸውን ሥዕል ወደ ወንድማቸው ገፍተው፣ የተበላሸውን ወደ ራሳቸው ስበው ስማቸውን ጻፉበት።

ታዴዎ ተሸለመ፣ ውሎ አድሮም መምህር ተባለ፤ ማስትሮ ጋስፓሬ ወደ ድንጋዩ ተመልሰው ከዚያ ወዲያ ብዕር የጨበጡት የመቃብር ጽሑፍ ለመንደፍ ብቻ ነበር። በ1796 ዶና ኦርሶላን አግብተው ፌሊቺታንና ሉክሬዚያን ወልደዋል። በበዓል ቀን የተሸለመው ሥዕል ወደተሰቀለበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጎራ ሲሉ፣ «የአንተ ኤኔያስ ባቱ ወፍሯል፤ ማን ነው ያስተማረህ?» እያሉ ወንድማቸውን ያበሽቁት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር፤ ለመሆኑ ምኑ ያስቅ ነበር!

አርባ ዓመት የተነፈሱት የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያስላቸው ከረመ። ታዴዎ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ እውነቱን ልናገር ብሎ ቢለምናቸው፣ «እኔ እየሰማሁማ አይሆንም፤ ከሞትኩ ወዲያ እንደ ፍጥርጥርህ!» ብለው ተቆጡት። ትናንት ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ማስትሮ ጋስፓሬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አርባ ሁለት ዓመት ዝም ያለ አንድ ወንድምም ትተዋል፤ ይህን የሚያነብላችሁም እሱው ታዴዎ ነው።

መሐሪው አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን። ዶና ኦርሶላ፣ ይህን ዛሬ ገና መስማትዎ ነውና፣ ታዴዎን ይቅር ይበሉት።