በኖሩበት የተቆጠሩት ፊዴሊኖ ፓላብሪካ

ዛሬ የምንሸኛቸው ፊዴሊኖ ፓላብሪካ በፓናይ ደሴት በዚህችው ከተማ፣ በባሕሩ ዳር ባይባይ በሚባለው የአጥማጆች ሰፈር፣ ከአባታቸው ከኒካሲዮ እና ደረቅ ዓሣ ይቸረችሩ ከነበሩት ከእናታቸው ከቴክላ ተወለዱ። በትምህርታቸው ብርቱ ስለነበሩ ሰፈሩ አዋጥቶ ወደ ዋና ከተማው ማኒላ ላካቸው፤ ስታትስቲክስ ተምረው ሲመለሱም በአንድ የጤና ጥናት ተቋም ተቀጠሩ።

ሥራቸው የከተማው ሰው በምን በሽታ፣ በየትኛው ሰፈር እንደሚሞት በካርታ ማሳየት ነበር። በትንሽ ሰፈር ጥቂት ሰው ሲሞት ቁጥሩ ከነዋሪው ብዛት ጋር ሲሰላ ከልክ በላይ ስለሚያብጥ፣ የእያንዳንዱን ሰፈር አኃዝ ከአጎራባቾቹ ጋር እያመዛዘኑ አጋጣሚውን ከእውነተኛው አደጋ ይለዩ ነበር። መምህርት ሜርሊንዳን አግብተው በከተማው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ አጠገብ ቤት ተከራዩ፤ ሁለት ሴት ልጆችም አፈሩ።

ሞት የበዛበት ሰፈር የሚጠቁርበት የሳንባ በሽታ ካርታቸው ሲወጣ ከሁሉ ጠቁሮ የታየው የተወለዱበት ባይባይ ሆነ። ሹማምንቱም የበሽታ ምንጭ ነው ብለው ሰፈሩን ማፍረስ ጀመሩ፤ አዋጥቶ ያስተማራቸው የሰፈሩ ሰውም ሰላምታ ነሳቸው። የአክስታቸው የኮንሴሳ ልጅ አርሴኒዮ ሲሞት ለቅሶ ቢደርሱ፣ አክስታቸው ከሬሳው አጠገብ ቀና ብለው፣ “በል እንግዲህ፣ የተማርከው ልጄ፣ እሱንም ቁጠርና ይበልጥ አጥቁረን” አሏቸው።

ፊዴሊኖ ያን ጊዜ ስህተታቸው ታያቸው። አርሴኒዮ ዕድሜውን የኖረው በማቅለጫው ሰፈር ነበር፤ ወደ እናቱ ቤት የመጣው ሊሞት ብቻ ነው። የባይባይ ልጅ የትም ቢኖር ሕመሙ ሲጠናበት ወደ እናቱ ቤት ይወሰዳል፣ ሞቱም በዚያ ይመዘገባል፤ ይህን ልማድ እያወቁ በሥራቸው ሳያስቡት ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ሟች መኖሪያ ጠየቁ። ካርታውን እንደገና ሲሠሩት ጥቁረቱ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በማቅለጫው ዙሪያ አረፈ። በከተማው ሸንጎ ፊት ቆመውም ካርታውን እያሳዩ፣ “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሞቱት እዚያ ነው፤ የታመሙት ግን እዚህ፣ በእኔው ደጃፍ ነው” አሉ።

ማፍረሱ ቆመ። በውኃው ዳር የነበሩት ቤቶች ግን ቀድመው ፈርሰው ነበርና አክስታቸው ኮንሴሳ ወደ ኮረብታው ተወስደው ባሕሩን ዳግም ሳያዩ ዐረፉ። ይህ ሐዘን ከፊዴሊኖ ልብ አልወጣም።

ከዓመታት በኋላ እሳቸውንም ሳል ያዛቸው፣ ትንፋሽም ያጥራቸው ጀመር። ወንድማቸው ቴዎፊሎ እንደ ወጉ ከመፍረስ ወደ ተረፈው የእናታቸው ቤት ሊወስዷቸው መኪና ይዘው መጡ። እሳቸው ግን የባለቤታቸውን እጅ ይዘው፣ “እዚሁ ተዉኝ። በኖርኩበት ልቆጠር” አሉ። ቴዎፊሎ እናታቸውን እንደ መካድ ቆጥረውት ተቆጥተው ሄዱ፤ በማግስቱ ተመልሰው ከአልጋው ግርጌ ተቀመጡ፣ እስከ መጨረሻውም አልተነሡም። ፊዴሊኖ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በዚሁ ቤት ዐረፉ፤ ሞታቸውም በዚሁ በማቅለጫው ሰፈር ስም ተመዘገበ። ማቅለጫው ዛሬም ይጨሳል።

ባለቤታቸው ሜርሊንዳ፣ ልጆቻቸው ሊዮኖርና ጁሊታ፣ አንድ የልጅ ልጃቸው፣ ይህንንም ጽሑፍ ቆመው የሚያነቡላችሁ ወንድማቸው ቴዎፊሎ ከኋላቸው ቀርተዋል። በመጨረሻ ትንፋሽ ያጠራቸውን ፊዴሊኖን አምላክ እፎይ በሚሉበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ በዚህ ሰፈር የቀረነውንም ያስበን። አሜን።