የውጭ ነው የተባለው ሥዕል

ስሙኝማ፣ ባለፈው እዚሁ መርካቶ አንድ የቤት ጌጥ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። በተፋቀ ብረት ላይ የታተመ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሰውም ዛፍም የለበት፣ ቀይና ቢጫ ብቻ፣ ከቀለሙ ሥር ብረቱ ያብለጨልጫል። የልጄ ሥዕል! ለማተሚያ ቤት መስጠቷን ነግራኛለች፤ እንዲህ አምሮ ግን አላየሁትም።

"እትዬ፣ ይሄ የውጭ ነው፤ ጣሊያን ነው የተሳለው" አለኝ ባለሱቁ።

"የምን ጣሊያን? እህል በረንዳ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው የተሳለው! ቀዩ ምስሬ ነው፣ ቢጫው የአተር ክኬ። ምስሩ ከታች ነው የሚሆነው፤ ገልብጠህ ሰቅለኸዋል!"

"ሰዓሊውን ያውቁታል እንዴ?"

"ሰዓሊዋን በል! ወልጃታለሁ!"

ደንግጦ ሥዕሉን ሲያቃና አንድ ገዢ ገባና "ኦርጂናል ነው?" አለው።

"ኦርጂናል ነው እንጂ! እናትየዋ እኚሁና!"

ልሄድ ነበር፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩለት።