እባብ የተኛበት ዘር

በድርቁ ዓመት፣ በሰባ ሰባት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ስወርድ አያ ካሳሁንን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ስልቻ የተጫነች አህያቸውን ይነዳሉ፤ ልጃቸው ጌጤ እያለቀሰች ከኋላ ትከተላለች። እኔ በከተማው የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ጌጤም ተማሪዬ ናት። ሰው ሲያለቅስ አይቼ ማለፍ አልችልበትም።

«እንደምን ዋሉ አያ ካሳሁን? ጭነቱ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን መምህር። ወደ ገደሉ ነው። የዘር ገብስ ነበር፤ እባብ ገባበት። ጠዋት ጌጤ ስልቻውን ስትፈታ ተጠቅልሎ ተኝቶበት አገኘችው። የስልቻውን አፍ አስሬ ከነእባቡ ልወረውረው ነው።»

«ሌላ ዘር አለዎት?»

ፊታቸውን ወደ አህያዋ አዞሩ።

«የለንም» አለች ጌጤ። «ይኸ ከተደፋ እንደ ጎረቤቶቻችን እብናት ወርደን የእርዳታ እህል መጠበቃችን ነው።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ክረምቱ ደጅ ደርሶ ዘር ገደል ሊገባ! ግን ሽማግሌ ናቸውና ቁጣዬን ዋጥ አደረግሁት።

«አያ፣ የእባብ መርዝ የሚወጣው በጥርሱ ነው። በተኛበት እህል አይተላለፍም። ደግሞስ ይህ የሚዘራ እንጂ ዛሬ የሚበላ አይደለም።»

«መምህር፣ አባቴን ቆላ ወርዶ ሳለ እባብ ነድፎት በቃሬዛ ነው ያመጣነው። ከዚያ ወዲህ እባብ የነካው ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም። እርስዎ ከመጽሐፍ ተማሩ፤ እኔ ከአባቴ ሬሳ ነው የተማርኩት።»

በእንዲህ ያለ ፍርሃት መሳቅ ነውር ነው።

«ነፍሳቸውን ይማር። ለምን ፈሩ ብዬ አልወቅስዎትም። የሚገድል እባብ አለ፤ እኔም ብሆን በእጄ አልነካውም። ነገር ግን አባትዎን የነደፈውና አይጥ አድኖ የሚኖረው አንድ አይደሉም። በአንዱ ጥፋት ሁሉን ስንፈጅ የምንጎዳው እኛው ነን። እስቲ ስልቻውን አውርደን ይውጣና ይሂድ። ከዚያ በኋላም መድፋት ከፈለጉ እኔ ራሴ አግዝዎታለሁ።»

ጥቂት አሰቡና ስልቻውን ከአህያዋ አወረዱ። ፈቀቅ ብለው የማሰሪያውን ጫፍ ከሩቅ ሳቡት። ቆይቶ አንድ ቀጭን ቡናማ እባብ ቀስ ብሎ ወጣ። ያን ሁሉ ስሰብክ የቆየሁት ሰውዬ ወደ ኋላ ዘልዬ ሳማ ውስጥ ገባሁ።

«መምህር፣ ትምህርቱስ?» አሉ አያ ካሳሁን፣ በትራቸውን ከፍ እንዳደረጉ።

«ከመዝለል አላዳነኝም አያ። ዘር ከመድፋት ግን ያድናል።»

ጌጤ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ሆዱን ይዩት» አለች። መሐሉ አብጦ ለመሳብ እንኳ ከብዶታል። ስልቻውን ገልበጥ አድርጋ አይጥ የበሳውን ቀዳዳ አሳየቻቸው። «በዚህ ነው የገባው። አይጧን ተከትሎ ገብቶ ውጧታል።»

በትሩን ቀስ ብለው አወረዱት። እባቡ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ውስጥ እስኪገባ ቆመው አዩት።

«አምና በጎተራዬ ሥር ያገኘሁትን እባብ ሁሉ ፈጀሁ» አሉ በመጨረሻ። «አይጥ የበዛብኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ለካ የእህሌን ጠባቂ ነው የገደልኩት።»

ስልቻውን አብረን ጫንን። አህያዋንም ወደ ቤት መለሷት።

ታኅሣሥ ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጎተራው ጢም ባይልም ከዚያ ቤት እብናት የወረደ ሰው አልነበረም። የዘሩ ስልቻ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ቀዳዳውም ተጥፏል። እባብ ሲታይ ልጆችን ማራቅና መውጫ ትቶለት መቆም እንደሚበቃ አያ ካሳሁን ራሳቸው ለጎረቤት ይመክራሉ። አይጥ ስለቀነሰ እህሉ ተርፏል፤ በየዓመቱ እባብ ፍለጋ ካብ ሲያፈርሱ ያባክኑት የነበረው ጉልበትም ለእርሻው ሆኗል።

«አሁንም ሳየው ልቤ ይመታል» አሉኝ።

«የኔም» አልኳቸው።

ጌጤ የገብስ ቆሎ አቀረበች። አያ ካሳሁን አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና፣ «ይብሉ መምህር፣ ገደል ልከተው የነበረው ነው» አሉ።