ያልተያያዘ ከሰል

ከካርቲየ 6 ሰፈር ወደ ሀራሙስ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ሁለት የቤት ሠራተኞች ያወራሉ። አንደኛዋ ስኳር ታቅፋለች።

«ምነው ቆመ? የአሠሪዬን እናት ቆልፌባቸው ነው የወጣሁት!»

«ስኳሩስ?»

«ለእሳቸው ነው። ጠዋት ‹ሌባ ገባ!› ብለው ጮኹብኝ። ሐኪሙ አንጎላቸው ጉልበት አጥቷል ስላለ፣ በየሻዩ አራት ማንኪያ እጨምራለሁ።»

«ኧረ ተይ! እኔ የማስታምማቸውም እንደዚያው ናቸው። ሐኪሙ ‹ስኳሩማ አለ፤ የአንጎላቸው ሴሎች ናቸው ማቃጠል ያቃታቸው› ብሎኛል።»

«ማለት?»

«እሳቱ ካልተያያዘ፣ ከሰል ብትከምሪበት ምን ይሠራል?»

«እና ምን ልስጣቸው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ጠዋት ጠዋት ስሜን እነግራቸዋለሁ።»

«ሹፌር፣ ንዳው እንጂ!» አለች ስኳር የታቀፈችው።

ዛሬ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ለጠየቀችኝ እናቴ የገዛሁትን ጣፋጭ ሃልዋ ከጭኔ ላይ አንስቼ ወንበሩ ሥር አስቀመጥኩት።