የደመቀችው እስስት

በአርባ ምንጭ እስስት በማርባት እኔን የሚያህል የለም፤ ሁሉንም ያወቅሁት በራሴ ነው። ዛሬ ጠዋት ሴቷ እስስቴ ጠቁራ ቢጫ ነጥብ ስታወጣ ባየሁ ጊዜ «ተኳኩላ እየጠበቀችው ነው» ብዬ ወንዱን ጎጆዋ ውስጥ አስገባሁላትና ከሴቻ ወደ ሲቀላ በታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ካርቶን ታቅፋለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ጠየቃት።

«ምንድን ነው እህቴ?»

«እስስት።»

«በኢየሱስ ስም! ታክሲ ውስጥ?»

«አትነካዎትም ጋሼ። ባሏ ሞቶባት ነው።»

«ምን ገደለው?»

«እሷው ነክሳ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠቁራ ስትደምቅ ወንድ የፈለገች መስሎኝ አስገባሁት።»

«አልፈለገችም?»

«እንቁላል ይዛ ኖሯል። እንደዚያ የምትደምቀው ሂድልኝ ስትል ነው።»

«ስትፈልግስ?»

«ያኔማ ጸጥ ትላለች። ኩልፎ ወንዝ ዳር እንዳለ ለጋ የሙዝ ቅጠል ፈዘዝ ትላለች። ወንዱ ሲመጣ በዝግታ ትራመዳለች እንጂ አትሸሽም።»

«ሕልም የምትነግሪኝ ነው የሚመስለው።»

«ሲያዩዋትም እንደዚያው ናት።»

«የኔዋ ሚስት ግን ከደመቀች ገበያ ልትወጣ ነው።»

እኔም ሲቀላ ሳልደርስ ወረድኩ፣ የሴቻን ዳገት በእግሬ ተመለስኩ፣ የጎጆዋን በር ከፈትኩ፣ ወንዱንም በሕይወቱ አወጣሁት፤ ይህን ሁሉ በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ሳያግዘኝ!