ለመንገድ የተደረገ ዱዓ

ከጅዳ ለእረፍት መጥቼ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በታክሲ ስወርድ፣ ከኋላዬ ከሐኪም ቤት የወጡ እናትና ልጅ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ይኸው ሐኪሙ ‹የጨጓራ ቁስለት የለብሽም› አለሽ፤ አልሃምዱሊላህ።»

«እማ፣ ጨርሰሽ ተናገሪ እንጂ! ‹ሆድሽን የሚነፋሽም የሚያስቀምጥሽም ጭንቀት ነው› አላለም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። እና አትጨነቂያ!»

«እሺ፣ ተውኩት። ይኸው ዳንኩ!»

«አታሹፊብኝ። ዐረብ አገር ስትገቢ አየሩም ምግቡም ሲለወጥ ይተውሻል።»

«ደላላው ቤታችን ከገባ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ያኔም ነግሬሽ ነበር።»

አንድ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «እናቴ፣ ያስቀምጣታል እየተባለ በአውሮፕላን ሊልኳት ነው?»

«አንተ ምን አገባህ!» አሉት እናትና ልጅ በአንድ ድምፅ።

«ወላሂ አሁን ብትቀሪ በምን ዐይኔ ሰው አያለሁ?» አሉ እናት። «ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎልሽ፣ ሸኾቹ መርቀውሽ!»

«ለመንገዴ ነዋ! ስለ ሆዴ ማን አሚን አለ? መሄድ አለመሄዴንስ ማን ጠየቀኝ?»

«የተደረገ ዱዓ ይመለሳል እንዴ፣ አንቺ?»

«ይመለሳል! ነገ ሸኾቹ ዘንድ ቢስቲማ ወጥቼ እኔው ራሴ ‹አልሄድም፤ ለጤናዬ ዱዓ አድርጉልኝ› እላቸዋለሁ።»

«የሰው ልጆች ሄደው ቤተሰብ ይረዱ የለም? ከሄዱት ውስጥ የማንኛዋ ሆድ ታመመ ሲባል ሰምተሻል?»

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጅዳ ሥራ ከገባሁ ወዲህ የማይለየኝን የጨጓራ ሽሮፔን እንደጨበጥኩ፣ ወደኋላ ሳልዞር ኮምቦልቻ ገባን።